እርሾ ያልገባበት ቦምቦሊኖ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ የጥር መጨረሻ ብርድ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር እየገባ የእጅ ጣት ያደነዝዝ ነበር።

ፋናዬ የመጀመሪያውን ሊጥ ዘይቱ ውስጥ ጣለችና እጇን በፍጥነት ሰበሰበች። እናቷ በለጥሻቸው ባለፈው ሐሙስ ክንዷን የተቃጠለችው በዚሁ ድስት ነበር። ሊጡ ወደ ታች ሰመጠ። ፋናዬ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። ሊጡ ቀስ ብሎ ተንሳፈፈ፤ አበጠ፤ ጠርዙ ቀላ።

«ተነሣ» አለች ለብቻዋ።

እርሾ አልገባበትም። የእናቷ እርሾ በየማታው ከሊጡ እየተቆነጠረ ለነገ የሚቀመጥ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሳይቋረጥ የኖረ ነበር። በለጥሻቸው ሆስፒታል ከገባች ወዲህ ግን ያየው አልነበረም፤ ፋናዬ ትናንት ክዳኑን ስታነሣ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሶ አገኘችው። ዛሬ ሳይሸጡ መዋል ደግሞ አይቻልም። በሸማ ተራ መግቢያ ያለ ቦታ ሦስት ጠዋት ባዶ ከታየ የቀደመ ሰው ይቀመጥበታል፤ ይህን ያወጀ ዳኛ የለም፣ የማያውቀውም የለም። ዓርብ ባዶ ነበር። ቅዳሜ ባዶ ነበር። እሑድ አይቆጠርም። ሦስተኛው ጠዋት ዛሬ፣ ሰኞ ነው።

መላው ግን የባልትና መምህርቷ ባጻፈቻቸው ደብተር ውስጥ ነበር፦ «ፈጣን ቦምቦሊኖ። እርሾ አያስፈልግም። ፉርኖ ዱቄት፣ ስኳር፣ ጨው፣ ሶዳ፣ እንቁላል፣ እርጎ። ሶዳ ብቻውን አያነሣም፤ ኮምጣጣ ነገር ይፈልጋል።» ፋናዬ ትናንት ከሆስፒታል ስትመለስ ከጋሼ ጠይብ ሱቅ እንቁላሉን ገዛች። ዕድልም ቀንቷት ነበር። ሁልጊዜ በአሥር ሳንቲም ሦስት የሚሸጡት እንቁላል በአሥር ሳንቲም አምስት ሆኖ ጠበቃት፤ እርጎውንም ጋሼ ጠይብ «ምርቃት ነው፤ እናትሽን አላህ ይማርልሽ» ብለው በነጻ ሰጧት።

ሁለት ቀመሰች። ውስጡ ቢጫ ነበር፤ እንደ ተፈተለ ጥጥ የለሰለሰ። እናቷ እንዲህ ያለ ሠርታ አታውቅም። ይህን በማሰቧ ትንሽ አፈረች፤ ትንሽ ደግሞ ደስ አላት።

ሳፋዋን በነጭ ጨርቅ ሸፍና እናቷ ከምትሸጥበት የመብራት እንጨት ሥር ስትደርስ ቦታው ባዶ ነበር። ከማዶ የተቀመጠች ቆሎ ሻጭ ሳፋውን አየች፤ ቦታውን አየች፤ ከዚያ ዓይኗን ወደ ቆሎዋ መለሰች።

መጀመሪያ የመጣው ተሸካሚው አሸብር ነበር፤ ገመዱን ትከሻው ላይ ጠቅልሎ።

«አንቺ የበለጥሻቸው ልጅ! እናትሽ እንዴት ናት?»

«ተሽሏታል፣ ጋሽ አሸብር። ክንዷ ግን ገና ነው።»

ሦስት ገዝቶ እዚያው ቆሞ በላ። ሁለተኛውን ገምሶ ወደ ብርሃኑ አዞረው። «ምን አስማት አገባሽበት? ይኼ የእናትሽ ብቻ አይደለም።»

ፋናዬ መልሱ አፏ ላይ ነበር። ነገር ግን ከጀርባው ሰዎች ቆመዋል፤ ሁሉም እሷን ያያሉ፤ ማንም እንዲህ አይቷት አያውቅም።

«ምስጢር ነው» አለች።

«አይ የተማረ ሰው! ቦምቦሊኖም በምስጢር ሆነ!»

ሳቁ። ሸማኔው ጋሼ አገኘሁም ፈገግ አሉ። ለሽመና ቤታቸው ስድስት በጋዜጣ አስጠቅልለው «ኋላ፣ ለምሳችን» ብለው ሄዱ። ከእሳቸው ቀጥሎ እማሆይ ወለተ ማርያም መጡ፤ በዕድሜ የጎበጡ፣ ሁልጊዜ ሁለት ብቻ የሚገዙ መነኩሲት ናቸው።

«እናትሽ እንደምትሠራው ነው፣ ልጄ?»

«አዎ እማሆይ። እንደ እማዬ ነው።»

«እንግዲያውስ ለዘጠኝ ሰዓት አኖረዋለሁ።»

እማሆይ ዓመቱን ሙሉ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አይቀምሱም፤ ፋናዬ ነገሩን ልብ አላለችውም። የቀረውን የጋሼ ጠይብ ዘመዶች፣ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴዎቹ፣ ሱቃቸውን እየከፈቱ ገዝተው ጨረሱት። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሳፋው ውስጥ አንድ ብቻ ቀረ። እሱን ያስቀመጠችው ለሰዓደት ነበር።

ሰዓደት የጋሼ ጠይብ ልጅ ናት። ሁለቱም ስምንተኛ ክፍል ናቸው፤ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱትም አብረው ነው። ሰዓደት ቦምቦሊኖውን በሁለት ጉርሻ ግማሽ አደረሰችው።

«ውይ ፋኒ! ይኼማ ኬክ ነው። አንቺስ?»

«ጠዋት ሁለት በላሁ።»

ሰዓደት ማኘኳን አቆመች። «አንቺ ግን... ዛሬ እናንተ ጾም አይደል እንዴ?»

«ዛሬ? ዛሬ እኮ ሰኞ ነው፤ ረቡዕ አይደለም።»

«ረቡዕን አላልኩም። ያ ሦስት ቀን የምትጾሙት አለ አይደል፤ አባዬ ትናንት ሲነጫነጭ ነበር። ነነዌ ገባ፤ ይኼን ሁሉ እንቁላል ማን ሊገዛኝ ነው፣ እያለ።»

ፋናዬ ቆመች። አንድ ሰማያዊና ነጭ ሴይቼንቶ ታክሲ ጥሩንባውን እያስጮኸ በአጠገባቸው አለፈ።

ነነዌ። ቀኑ ከዓመት ዓመት የሚዘዋወር ጾም ነው። ቄሱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ «ነገ ይገባል» ብለው ይናገራሉ፤ እናቷም ሰምታ ስትመጣ የወተቱን ማሰሮ አጥባ ትደፋለች። ትናንት ግን ፋናዬ ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም። መርፌ ተወግታ ቀኑን ሙሉ ከተኛችው እናቷ አልጋ አጠገብ ነበረች።

በአሥር ሳንቲም አምስት እንቁላል። ምርቃት እርጎ።

«ታዲያ አባትሽ ለምን ሸጡልኝ?»

«ለእናትሽ መስሎታ! ሕመምተኛ ጾም የለበትም አለ።» ሰዓደት የቀረውን ቁራጭ በእጇ ይዛ አየችው። «ለክርስቲያንም ሸጠሻል?»

«ጋሼ አገኘሁ ስድስት። እማሆይ ሁለት። ጋሽ አሸብር ሦስት በላ።» ድምጿ እየቀነሰ ሄደ። «እማሆይ እንደ እናትሽ ነው ወይ አሉኝ። አዎ አልኳቸው።»

ሰዓደት ወዲያ ወዲህ አየች፤ ከዚያ ተጠጋቻት። «ዝም በይ። ሳያውቁ ከበሉ ምን አለበት? እኛ ጋ በረመዳን ረስቶ የበላ ጾሙ አይፈርስበትም።»

«እነሱ አልረሱም። የረሳሁት እኔ ነኝ።»

«ብትነግሪያቸው ግን ከእናትሽ ማን ይገዛል? እሱን አስበሻል? ስትድን ወዴት ትመለሳለች?»

ፋናዬ ይህንኑ እያሰበች ነበር። የእናቷ ቦምቦሊኖ ከሌላው የሚለየው በጣዕሙ አይደለም። በጾምም በፍስክም አንድ ዓይነት ነው፤ እንቁላልና ወተት ነክቶት አያውቅም፤ ማንም ሰው ቀኑን ሳያስብ ይገዛዋል። ዝም ካለች ይህ እንዳለ ይቀራል። ከተናገረች በአንድ ጠዋት ይፈርሳል።

የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ። በሩ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል፤ ያረፈደ ዘበኛው ፊት ተንበርክኮ ይውላል።

«ደብተሬን ያዢልኝ» አለች ፋናዬ።

የጋሼ አገኘሁ ሽመና ቤት ጠባብ ነበር። ስድስት ሸማኔዎች እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ አድርገው፣ መወርወሪያ ከግራ ወደ ቀኝ እየወረወሩ ይሠራሉ። በጋዜጣ የተጠቀለለው ቦምቦሊኖ ግድግዳው ላይ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ፋናዬ በሩ ላይ ቆመች።

«አቤት ልጄ፤ ትምህርት የለም እንዴ ዛሬ?» አሉ ጋሼ አገኘሁ ቀና ሳይሉ።

«ቦምቦሊኖው እንቁላል አለበት። እርጎም አለበት።»

መወርወሪያው እጃቸው ላይ ቀረ። ከዚያ የጎናቸው ሸማኔ አቆመ፤ ከዚያ ሌላው። ፋናዬ ያ ቤት ዝም ሲል ሰምታ አታውቅም ነበር።

«ነነዌ መግባቱን አላወቅኩም። ትናንት ሆስፒታል ነበርኩ። እማዬ አታውቅም፤ የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«ጉድ እኮ ነው!» አለ ከተማ የሚባለው ወጣት ሸማኔ ከጥግ። «የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ጨረቃ ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትርቅ ታውቃለች፤ ጾሙን ግን በራዲዮ ካልነገሯት አታውቅም!»

ሁለቱ ሳቁ። ጋሼ አገኘሁ ከጉድጓዱ ወጥተው ጥቅሉን ከምስማሩ አወረዱና ፈቱት። አምስት ነበር። ዓይናቸውን አንሥተው በየተራ ሸማኔዎቻቸውን ተመለከቱ። ሁሉም የእሳቸውን ዓይን ተቀበለ፤ ከተማ ብቻ ወደ ድሩ አቀረቀረ።

«ከተማ?»

«ጠዋት ራበኝ፣ ጋሼ» አለ ከተማ። ቀጥሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሲጣፍጥ ነው ማወቅ የነበረብኝ» አለ።

በዚህኛው ማንም አልሳቀም።

ጋሼ አገኘሁ ጥቅሉን ለፋናዬ መለሱላት። «ጠዋት አሸብር ምን አገባሽበት ሲልሽ ሰምቼ ነበር። እኔ ብጠይቅሽስ ትነግሪኝ ነበር?»

ፋናዬ አሰበች። ቀላሉ መልስ «አዎ» ነበር።

«አልነግርዎትም ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ገንዘባቸውን ልትመልስ እጇን ወደ መቀነቷ ስትሰድ ከለከሏት። «ለእናትሽ መድኃኒት ይሁን። ሌላ ማን ወስዷል? ሂጂ፤ ቀኑ ሳይሄድብሽ።»

አሸብርን ያገኘችው አንድ የጭነት መኪና አጠገብ የስኳር ጆንያ ሲያራግፍ ነበር። ቀድማ የምትናገረውን አዘጋጅታ ነበር፤ ፊቱ ስትቆም ግን አጠረባት። ነገረችው። አሸብር ጆንያውን መሬት ላይ አወረደና ላዩ ላይ ተቀመጠ።

«እኔ እኮ በልቻለሁ፣ ፋናዬ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ነገርሽኝ? ሆዴ ውስጥ ካለ በኋላ?»

«ለሌሎቹ ነግሬ አንተን ብዘልህ...» አልጨረሰችውም።

አሸብር የመዳፉን አቧራ አራገፈ። «እኔ ሰዓት ጠብቄ መጾም አልችልም። በባዶ ሆድ ሸክም አይሆንም፤ እግዜርም ይህን ያውቃል ብዬ ነው። እንቁላልና ወተት ግን በጾም ነክቼ አላውቅም። ያለኝ ጾም እሷ ብቻ ነበረች።» ተነሣ። «ሦስት በላሁ። ሦስቱን ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ አልቀምስም። ለማንም እንዳትናገሪ፤ ባለጭነቶቹ ከሰሙ ደክሟል ብለው ሥራ ይከለክሉኛል።»

«ጋሽ አሸብር፣ እኔ ልጹምልህ...»

«ጾም ሸክም መሰለሽ እንዴ፣ ተቀባብለው የሚወስዱት?» አጎነበሰ። «በይ ይልቅ አሸክሚኝ።»

ፋናዬ ጆንያውን በሁለት እጇ ከሥሩ ገፍታ ጀርባው ላይ አወጣችው። ከብዶ ነበር። አሸብር ሁለት እርምጃ ተንገዳግዶ ተስተካከለና ሄደ።

እማሆይ ከሚያስቀድሱበት ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ስትደርስ ቅዳሴው ገና አልተጀመረም ነበር። እማሆይ ከውስጥ ናቸው። ፋናዬ የበላች ስለሆነች አልገባችም፤ ከደጀ ሰላሙ ውጭ፣ ግንቡ ሥር ቆማ ጠበቀች። ፀሐይዋ አናቷ ላይ መጣች፤ ከዚያ ወደ ትከሻዋ ዞረች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምእመናኑ እየተሳለሙ መውጣት ሲጀምሩ በሰዉ መሐል ጎበጥ ያለውን ቢጫ ቆብ ፈለገች። ስታገኘው እማሆይ በጎን በኩል ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጋዜጣው ጉልበታቸው ላይ ተፈትቷል። አማትበው እጃቸውን ሰደዱ።

«እማሆይ፣ አይብሉት!»

ብዙ ሰው ዞረ። ፋናዬ ሮጣ እግራቸው አጠገብ ተንበረከከችና ሁሉንም ነገረቻቸው፦ ሻጋታውን፣ ሆስፒታሉን፣ እንቁላሉን፣ ጠዋት «እንደ እማዬ ነው» ያለችውን።

እማሆይ አልተቆጡም። ቦምቦሊኖዎቹን መልሰው ጠቀለሉ፤ ጫፉን በጥንቃቄ አጠፉት።

«ጾም ያልያዛቸው ሕፃናት በሩ ላይ አሉ፤ ለእነሱ ስጫቸው» አሉ። ከዚያ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ከእናትሽ አሥራ አንድ ዓመት ገዛሁ፣ ልጄ። አንድ ቀን ምን አለበት ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።»

ፋናዬ ጥቅሉን ተቀበለቻቸው።

«ከነገ ጀምሮ እጠይቃለሁ» አሉ እማሆይ። ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር።

ሆስፒታሉ ከእሑድ በቀር ጠያቂ የሚያስገባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። በለጥሻቸው ነቅታ ነበር፤ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለው ክንዷ ትራስ ላይ አርፏል።

«ቦታችንን አልወሰዱትም?»

«አልወሰዱትም። ቁጭ ብዬበት ዋልኩ... ጠዋት።»

«ጎሽ። እርሾው ደህና ነው?»

«ሻግቷል።»

እናቷ ግንባሯን አኮማተረች። «ታዲያ በምን ሠራሽ?»

ይህን ጥያቄ ፋናዬ በመንገድ ላይ ስትፈራው መጥታለች። ሐኪሙ እንዳትጨነቅ ብሏል፤ ይህ እውነት ነው፤ ምክንያትም ይሆናል። ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ እናቷ ሳፋዋን ይዛ የመብራት እንጨቱ ሥር ስትቀመጥ፣ እማሆይ መጥተው «ምን አለበት?» ብለው ይጠይቋታል። እናቷ ለምን እንደተጠየቀች ሳታውቅ እማሆይን ቀና ብላ ስታይ ታያት።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነገረቻት። ስለ አሸብር ስዕለት ብቻ አልተናገረችም።

በለጥሻቸው እስኪያልቅ ሰማች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ኮሪደሩ ላይ አንዲት ነርስ የብረት ሳህን እያንኳኳች አለፈች፤ ተመልሳም አለፈች።

«እማሆይ እንደዚያ አሉ?» አለች በመጨረሻ፣ ሳትዞር።

«አዎ።»

«እማሆይ ወለተ ማርያም።»

«አዎ፣ እማዬ።»

ፋናዬ ልትነሣ ስትል እናቷ ፊቷን መለሰች። ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«ያ ሶዳ ያልሽው፣ ኮምጣጣ ነገር ይፈልጋል አልሽ?»

«አዎ። ለዚያ ነው እርጎ የገባበት።»

«ሎሚ አይኮመጥጥም?»

ማክሰኞ ጠዋት ፋናዬ ዱቄቱን በውሃና በሎሚ ጭማቂ አቦካችው። ሶዳው ሎሚውን ሲያገኝ አረፋ እየደፈቀ ተንጫጫ። ቦምቦሊኖው ተነሣ፤ እንደ ሰኞው ግን አልለሰለሰም። ነጣ ያለ ነበር፤ ጎኑም ተሰነጣጥቋል። የመብራት እንጨቱ ሥር ተቀምጣ ለቆመው ሁሉ ሳይጠይቃት ተናገረች፦ «ዱቄት፣ ስኳር፣ ጨው፣ ሶዳ፣ ሎሚ፣ ውሃ፣ የኑግ ዘይት።» አንዳንዱ ሰምቶ ገዛ። አንዳንዱ ሰምቶ አለፈ። ከሽመና ቤቱ ማንም አልመጣም።

እማሆይ መጡ፤ ሰልፉ ውስጥ ሳሉ ስትናገር ሰምተዋታል። ቢሆንም ተራቸው ሲደርስ ጠየቁ።

«ምን አለበት?»

ፋናዬ ከመጀመሪያው ጀምራ ደገመችላቸው። እማሆይ አንድ ወሰዱ።

ረቡዕም ጠየቁ፤ አንድ ወሰዱ። ከሰዓት በኋላ አሸብር ከመንገዱ ማዶ ጆንያ ተሸክሞ አለፈ። ከንፈሩ ደርቆ ነጥቷል። ሲያያት አንድ እጁን ከገመዱ ላይ አንሥቶ መለሰው።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ፋናዬ ጋሼ ጠይብ ሱቅ ደረሰች። ባንኮኒው ላይ ሰዓደት ነበረች፤ እያዛጋች።

«አራት ሎሚ ስጪኝ።»

«ጾሙ ወጣ እኮ! ስምሽን እየጠሩ ያን የሰኞውን የጠየቁኝ ሰዎች አሉ፤ የአባዬ ዘመዶች ሁሉ ሲያወሩለት ነው የሰነበቱት። እንቁላል ላውጣልሽ?»

ፋናዬ ሳንቲሙን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«ሎሚ» አለች።

ሰዓደት ትከሻዋን ነቅንቃ አራት ሎሚ መርጣ ሰጠቻት። ከጀርባዋ ጋሼ ጠይብ የእንቁላሉን ቅርጫት ወደ በሩ አወጡት። በአሥር ሳንቲም ሦስት ሆኗል።